ገንዳው ከአጥር ውስጥ፣ ወንዙ ከአጥር ውጭ

ካርቱም ውሃ የከበባት ከተማ ናት። ነጭ አባይ ከደቡብ፣ የእኛው አባይ ከምሥራቅ መጥተው ቱቲ ደሴት አጠገብ ይገናኛሉ። ካርቱምን፣ ኦምዱርማንንና ሰሜን ካርቱም የምትባለውን ባህሪን ለያይተው ካለፉ በኋላ አንድ ሆነው ወደ ሰሜን ይነጉዳሉ። ካፉሪ የተባለው ሰፈር የሚገኘው በባህሪ በኩል ነው። ስሙን የወረሰው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ እዚያ ሰፊ የእርሻና የወተት ላም ይዞታ ከነበረው ከሌቫንቱ ነጋዴ ከአዚዝ ካፉሪ ነው። የላሞቹ መሬት በኋላ በየ«ሙረባዑ» (በየብሎኩ) ተሸንሽኖ የባለጸጎች ሰፈር ሆነ። የቀድሞው ፕሬዚዳንት የኦማር አልበሽር ቤተሰብ ቤቶችና ትልቁ የኑር መስጊድ እዚያ ናቸው፤ አልበሽር ሚያዝያ 2011 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወርዱ የተወሰዱበት የኮበር ወህኒ ቤትም ከዚያው ከጎረቤት ነው። ለልብ ወለድ ጸሐፊ የሚመች ጉርብትና ነው፤ ለዛሬው ነገራችን ግን ብዙም አይረባ።

የሚረባን ሌላው ጉርብትና ነው። ከካፉሪ ወደ ምሥራቅ ጥቂት ሲሄዱ ሐጅ ዩሱፍ አለ፤ ከደቡብ፣ ከኑባ ተራሮችና ከዳርፉር ጦርነትና ድርቅ ያፈናቀላቸው ሰዎች ለአሥርት ዓመታት ሲሰፍሩበት የኖረ ሰፊ መንደር። ወደ ወንዙ ወረድ ሲሉ ደግሞ የሸክላ ጡብ የሚቃጠልበት ጀሬፍ ይመጣል። ሁሉም የአንድ ወንዝ ሰዎች ናቸው። ዋና የሚማረው ግን ከግንብ አጥሩ ወዲህ ያለው ልጅ ብቻ ነው። የሚማረውም ቢሆን ውሃ ዳር አብራው የምትቆመው ሰው ከጦርነቱ በፊት ብዙ ጊዜ ያገራችን ልጅ ነበረች፤ እሷ ደግሞ ዋና አትችልም።

ይህን ሐተታ ለመጻፍ ያነሣሣኝ ይኸው ነው። ስለ ልጆችና ስለ ውሃ ሲወራ ሁላችንም ቶሎ የሚመጣልን ገንዳና አሰልጣኝ ነው፤ ገንዳ የሌለው ድሃ፣ ገንዳ ያለው ሀብታም፣ አለቀ። እኔ ግን ጥያቄውን ከሌላ ወገን ልጀምረው እፈልጋለሁ፦ ልጁ ውሃ ውስጥ የገባ ዕለት አጠገቡ ያለው ማን ነው? ምንስ ያውቃል?

ከ2015 ዓ.ም. በፊት በካርቱም ሀብታም ሰፈሮች ቤት የሚያጸዱት፣ ልጅ የሚያዝሉት፣ ምግብ የሚያበስሉት ሴቶች ብዙዎቹ ሐበሾች ነበሩ፤ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን። ዕረፍት ሲያገኙ ደይም ወደሚባለው ሰፈር ሄደው እንጀራ ይበሉ ነበር፤ በሥራ ቀን ግን ከማዳሟ ግቢ አይወጡም ነበር። አብዛኞቹ ያደጉት በደጋ ነው። ደጋ ላይ ክረምት ከምንጭ ውሃ የምትቀዳ፣ ጅረት ዳር ልብስ የምታጥብ ልጅ ውሃን የምታውቀው እስከ ጉልበቷ ነው፤ መዋኘት የወንድሞቿ ጨዋታ እንጂ የእሷ አይደለም። ይህች ልጅ በ20 ዓመቷ መተማን ተሻግራ አንድ ቀን ራሷን የምታገኘው ሰማያዊ ሸክላ የተነጠፈበት ሁለት ሜትር ጥልቀት ያለው ገንዳ ዳር፣ የሦስት ዓመት ሕፃን በእጇ ይዛ ነው። ሕፃኑ ከቤቱ ጣጣ ሁሉ ጋር የተረከበችው አደራ ነው። ስለ ውሃው ያስተማራት የለም።

ሰው ሲሰምጥ እንደ ፊልሙ አይጮህም። ሕፃን ከሆነ ደግሞ ድምፅ ለማውጣት የሚበቃ ትንፋሽ እንኳ የለውም፤ ውሃው አፉን ከከደነው በኋላ ጸጥ ብሎ ይወርዳል። ሻይ አፍልታ እስክትመለስ ነገሩ አልቆ ሊሆን ይችላል፤ ኦክስጅን ከተቋረጠ ከአራት እስከ ስድስት ደቂቃ ባለው ጊዜ አንጎል መጎዳት ይጀምራል። እሷ ዘላ ብትገባ ሁለት ሰው ሊሞት ይችላል። አውጥታው እንኳ ቢሆን በሰፈሮቻችን የምናውቀው «ሕክምና» እግሩን ይዞ ቁልቁል መዘቅዘቅና ሆዱን መጫን ነው፤ ይህም ትንፋሽ የሚሰጥበትን ውድ ጊዜ ከመብላት በቀር ምንም አይፈይድም። ለሰመጠ ልጅ የሚያስፈልገው መጀመሪያ አየር ነው፤ አፍ በአፍ መተንፈስ፣ ከዚያም ደረት መጫን። አንድ ቀን የሚበቃው ትምህርት ነው። ልጁ ካልተረፈ ግን ጣት የሚቀሰረው ዋናውን ባላስተማራት አሠሪ ላይ አይደለም።

ገንዳ ያለው ቤት ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው አጥር ነው፤ የግቢው የግንብ አጥር ሳይሆን ገንዳውን ራሱን በአራቱም ጎን የሚከብ፣ ከ1.2 ሜትር ያላነሰ፣ በሩ ራሱን ችሎ የሚዘጋና ሕፃን የማይደርስበት መቀርቀሪያ ያለው። ገንዳው ከሳሎን በር ቀጥታ የሚገኝ ከሆነ የግቢው አጥር ሌባ ይከለክል ይሆናል እንጂ ዳዴ የሚል ልጅን አይከለክልም። ለጌጥ ሲባል ይህ አጥር የሚቀርባቸው ቤቶች በካርቱምም፣ በአዲስ አበባም፣ በዱባይም ጥቂት አይደሉም።

አሁን ደግሞ ከአጥሩ ውጭ እንውጣ፤ ብዙው ነገር ያለው እዚያ ነው።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በሱዳን ሠራዊትና በፈጥኖ ደራሽ ኃይሎች መካከል ጦርነቱ ሲጀመር ካፉሪ በፈጥኖ ደራሾቹ እጅ ወደቀ። ነዋሪው ሸሸ፤ ሐበሾቹም እንደ ሌላው በመተማ በኩል ወይም ወደ ሌላ አቅጣጫ ተበተኑ። ሠራዊቱ ሰፈሩን መልሶ የያዘው የካቲት 2017 ዓ.ም. መባቻ ላይ ነው። በዚያ መሐል የባህሪ የውሃ ማጣሪያ ጣቢያ በጦርነቱ የመጀመሪያ ቀናት ቆመ፤ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው ቧንቧው ደረቀበት። ሰው ያለ ውሃ አይኖርምና ወደ ወንዙ ወረደ፤ በአህያ ጋሪ፣ በበርሜል፣ በጀሪካን። ውሃ የሚቀዳው ደግሞ፣ እንደ እኛው አገር፣ ልጅ ነው። ግንቦት 2017 ዓ.ም. የድሮን ጥቃት የኤሌክትሪክ ጣቢያዎችን መትቶ ፓምፖቹ ሲቆሙ ያው ነገር ተደገመ፤ ያን ጊዜ ዓለም ያየው የኮሌራውን ወረርሽኝ ነበር፤ እሱም እውነት ነው። ጀሪካን ይዞ ደለል ባለበት ተዳፋት የሚንሸራተተው ልጅ ግን በኮሌራ ዘገባ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ ልጆችን ከውሃ ሞት የሚያድን መሣሪያ ጥቀስ ብባል ከዋና አሰልጣኝ በፊት የምጠራው ቧንቧን ነው። ቤቱ ቧንቧ ያለው ልጅ ወንዝ ዳር የሚሄደው ሲያምረው ነው፤ የሌለው ግን በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ፣ ቢፈራም ባይፈራም።

ጀሬፍ ሌላ ነገር አላት። ጡብ የሚሠራው ከወንዙ ዳር ጭቃ ነው፤ ጭቃው ተቆፍሮ ሲወጣ ጉድጓዱ ይቀራል። አባይ በነሐሴ ሲሞላ ጉድጓዱም ይሞላል። የውሃው ቀለም ቡናማ፣ ዳርና ጥልቁ የማይለይ፤ ትናንት እስከ ወገብ የነበረበት ቦታ ዛሬ ጭንቅላት ይውጣል። አዲስ አበባ ክረምት ላይ የምንሰማውን ዜና እዚህ ላይ ማስታወስ ይቻላል፤ ድንጋይ የወጣበት ካባ፣ ለሕንፃ መሠረት ተቆፍሮ የተተወ ጉድጓድ ዝናብ ሞልቶት ልጅ ገብቶ ቀረ፤ የእሳትና አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ጠላቂ ዋናተኞች አስከሬኑን አወጡ። ዜናው በየዓመቱ አንድ ዓይነት ነው፤ ጉድጓዱን ቆፍሮ ሳያጥር የሄደው ሰው ስም ግን ዜናው ውስጥ ሲገባ አይታይም።

በወንዙ ላይ ደግሞ ጀልባው አለ። ነሐሴ 9 ቀን 2010 ዓ.ም. ከካርቱም በስተሰሜን ርቆ በሚገኘው የናይል ወንዝ ግዛት ከ40 በላይ ተማሪዎችን ወደ ትምህርት ቤት የምታሻግር ጀልባ ከሞላው ውሃ ጋር ስትታገል ሞተሯ ቆመ፤ ከ20 በላይ ልጆች ሞቱ። ትምህርት ቤቱ ማዶ፣ ድልድይ የለም፣ የነፍስ አድን ሰደርያ የለም። እነዚያ ልጆች የሞቱት ሲጫወቱ አይደለም፤ ፊደል ሊቆጥሩ ሲሄዱ ነው።

ወደ ዋናው ትምህርት ልመለስ። በካርቱም ዋና የሚማሩበት ቦታ ታሪኩ የክለብ ታሪክ ነው። ግሪኮቹ ክለባቸው ውስጥ ገንዳ ነበራቸው፤ ትልልቆቹ ሆቴሎችም እንደዚያው፤ የብሉ ናይል የጀልባ ክለብ ደግሞ የእንግሊዙ ጄኔራል ኪችነር በ1898 እ.ኤ.አ. ኦምዱርማንን የወጋባትን «መሊክ» የተባለች የጦር ጀልባ ቢሮ አድርጎ ይኖር ነበር። ቅኝ ገዥው ለሹማምንቱ የሠራው የመዝናኛ ሥርዓት ነጻነት ሲመጣ ወደ ሱዳናዊው ባለጸጋ ተላለፈ እንጂ ወደ ሐጅ ዩሱፍ አልወረደም። አባል ካልሆኑ ወይም የዕለት ዋጋ ካልከፈሉ መግባት አልነበረም። ሴቶች ልጆች ላይ ሲደርስ ደግሞ ሌላ ግድግዳ ነበረ፤ እስከ ኅዳር 2012 ዓ.ም. ድረስ ጸንቶ የቆየው የሕዝብ ሥነ ሥርዓት ሕግ የሴትን አለባበስ የፖሊስ ጉዳይ አድርጎት ነበር። ሱሪ ለብሳ መንገድ ላይ መገኘት ለግርፋት ያበቃ በነበረበት ከተማ ሴት ልጅን ወንዝ አውርዶ ዋና ማስተማር የሚደፍር አባት ብዙ አይገኝም ነበር።

የክለብ ታሪክ የካርቱም ብቻ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ የከተማ ገንዳዎች ለረጅም ጊዜ ለነጮች ብቻ ነበሩ። ዛሬ ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉ ጥቁር ልጆች በመዋኛ ገንዳ የሚሰምጡበት መጠን ከነጮቹ እኩዮቻቸው በ7.6 እጥፍ ይበልጣል። አያት ያልተማረውን አባት አላስተማረም፣ አባት ያልተማረውን ልጅ አላወቀም። የእኛ አገር ደግሞ ሌላ መልክ አለው። በሪዮ ኦሊምፒክ 2016 እ.ኤ.አ. ሮቤል ኪሮስ 100 ሜትሩን በ1 ደቂቃ ከ4.95 ሰከንድ ጨርሶ 59ኛ ሲወጣ ዓለም ሳቀበት፤ አባቱ የዋና ፌዴሬሽኑ ኃላፊ ነበሩና አገር ውስጥም ጠብ ተነሣ። ከሳቁ ኋላ ያለውን ጥያቄ ግን ብዙ ሰው አላነሣውም። ጣናን፣ ሐዋሳን፣ የቢሾፍቱን ሐይቆችና ይህን ሁሉ ወንዝ የያዘ አገር ዋና ሊማር የፈለገን ልጅ የት ይልከዋል? የሆቴል ገንዳ። እንደገና ክለብ ማለት ነው። ባሕር ዳር ያደገ ወንድ ልጅ ከታላቅ ወንድሙ ተምሮ ይዋኝ ይሆናል፤ እህቱ ግን እዚያው ዳር ልብስ ታጥባለች።

ገንዳ ውድ ነው፤ በምንዛሪ የተገዛ ፓምፕ፣ ክሎሪን፣ በየቀኑ የሚጣራ ውሃ ይፈልጋል። እንደ ሐጅ ዩሱፍ ባለ፣ ለመጠጥ ውሃ በተቸገረ ሰፈር ውስጥ ገንዳ ይሠራ የሚል ሰው ካለ ቀልደኛ ነው። ባንግላዴሽ ያለ ገንዳ እንዴት እንደተወጣችው ግን ማየት ይገባል። መንደሩ ሁሉ ኩሬ ነው፤ ልጆችም በብዛት ይሰምጡ ነበር። የሠሩት ነገር ቀላል ነው፦ ኩሬው ዳር ላይ ከቀርከሃ መድረክ አቆሙ፤ መድረኩ ሥር ያለውን ጥልቀት ለልጆቹ ቁመት ልክ አደረጉት፤ ከመንደሩ ወጣቶች አሠልጥነው አሰልጣኝ አደረጓቸው። ልጁ «ችሏል» የሚባለው 25 ሜትር ሲዋኝ፣ 30 ሰከንድ ሲንሳፈፍ፣ የሰመጠ ጓደኛውንም ውሃ ውስጥ ሳይገባ በእንጨት ስቦ ማውጣት ሲያውቅ ነው። በተደረገው ትልቅ ጥናት ከተማሩት መካከል በመስጠም የሞቱት ልጆች ቁጥር ካልተማሩት ጋር ሲነጻጸር ከ90 በመቶ በላይ ቀነሰ። ወጪው ለአንድ ልጅ ከ15 ዶላር በታች ነበር።

ከዋናው በፊት የነበረው እርምጃ ግን እኔን የበለጠ ይገርመኛል። ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ያሉ ሕፃናት አብዛኞቹ ዋና ለመማር ገና ናቸው። እነሱ የሚሰምጡት ከረፋድ እስከ ቀትር፣ እናት ምሳ ስትሠራና ታላላቆቻቸው ትምህርት ቤት ሲሆኑ መሆኑ ታወቀ። ስለዚህ በየመንደሩ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ቀኑ ሰባት ሰዓት ሕፃናት የሚጠበቁበት ቤት ተከፈተ። የመስጠም ሞት በነዚያ ሕፃናት ዘንድ ከ80 በመቶ በላይ ወረደ። ከውሃው ጋር ምንም ሳይነካኩ! አንዲት ጠባቂ፣ አንድ ክፍል፣ አንድ የሚዘጋ በር።

ብዙ ወላጅ የሚያነሣውን ፍርሃት አውቃለሁ፤ «ውሃ የሚበላው ዋና የሚችለውን ነው፤ ካላወቀ አይጠጋም» ይባላል። ጎረምሳ ላይ ሲታይ የተወሰነ እውነት አለው፤ ጉራ ብዙ ወጣት ወስዷል። ለሰባት ዓመት ልጅ ግን የባንግላዴሹ ቁጥር መልስ ሰጥቶበታል። ያልተማረ ልጅ ውሃውን አይሸሽም፤ ጓደኞቹ ባሉበት ይገኛል።

የልብሱንም ነገር ዛንዚባሮች አቃልለውታል። ኑንጒ በተባለው የባሕር ዳር መንደር ፓንጄ የተሰኘ ፕሮጀክት ሴት ልጆችን ገላ የሚሸፍን የመዋኛ ልብስ አልብሶ፣ በሴት አሰልጣኝ፣ ከወንዶች ተለይተው ማስተማር ጀመረ። አባቶቹ ፈቀዱ። ባዶ ጀሪካን ይዘው ሲንሳፈፉ የተነሡት ፎቶግራፎች ዓለምን ዞረዋል። እኔ ከፎቶዎቹ የያዝኩት ያንን ቢጫ ጀሪካን ነው፤ 20 ሊትር የሚይዝ፣ ክዳኑ የጠበቀ ባዶ ጀሪካን የአንድ ጎልማሳ ጭንቅላት ከውሃ በላይ ለማቆየት ይበቃል። የባህሪ ልጅ ወንዝ ሲወርድ በእጁ የያዘው ይህንኑ ነው። ገመድ አስሮ እንዴት እንደሚወረውረው ያሳየው ሰው ቢኖር ኖሮ፣ ውሃ መቅጃው ነፍስ ማዳኛም ይሆን ነበር።

የዓለም ጤና ድርጅት ታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ መሠረት በ2021 እ.ኤ.አ. 300 ሺህ ያህል ሰው በመስጠም ሞቷል፤ ከአሥሩ ዘጠኙ በድሃና በመካከለኛ ገቢ አገሮች። የተባበሩት መንግሥታት ለጉዳዩ ቀን ሰይሞለታል፤ በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 18፣ አባይ ካርቱም ላይ መሙላት በሚጀምርበት ሰሞን።

ስለ ወንዙ ሙላት አንድ ነገር ካልተናገርኩ ነገሩ ይጎድላል። የካርቱም ሰው ሙላቱን «ደሚራ» ይለዋል፤ መቼ እንደሚመጣ፣ መቼ እንደሚጎድል፣ የትኛው ዳር እንደሚናድ ከአያት የወረሰው ዕውቀት ነው። የቱቲ ሰዎች በ1946 እ.ኤ.አ. እንደነበረው ባለ ትልቅ ጎርፍ ጊዜ በየዳሩ የጥበቃ ቦታ እየሠሩ ወንዙን የሚጠብቁበት «ታያ» የሚባል ሥርዓት ነበራቸው፤ በ2012 ዓ.ም. ክረምት ውሃው ከ17 ሜትር ተኩል አልፎ ከመቶ በላይ ሰው በአገሪቱ ሲሞት ያ ልማድ እንደገና ተነሥቷል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የኅዳሴ ግድብ ግን ይህን የቀን መቁጠሪያ ይለውጠዋል። ክረምቱን ያረጋጋዋል፣ በጋውን ያበዛዋል፤ ለካርቱም በብዙ መልኩ በጎ ነው። ነገር ግን በየካቲት አሸዋ የሚወጣበት፣ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት የወንዝ ዳር ከእንግዲህ እንደ ድሮው ላይሆን ይችላል፤ የአያት ዕውቀት ለአዲሱ ወንዝ ልክ አይሆንም። ከድንበር ወዲህም፣ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የሚይዘው የንጋት ሐይቅ በቤኒሻንጉል ልጆች ደጃፍ ላይ የተኛ አዲስ ውሃ ነው። ወላጆቻቸው ያደጉት ወንዝ ዳር እንጂ ሐይቅ ዳር አይደለም። ዓሣ ማስገሩና ጀልባው እየመጣ ነው፤ ዋናው አብሮ ይምጣ የሚል ሰው እስካሁን ድምፁ ጎልቶ አልሰማሁም።

በካርቱም ይህን ሥራ ማን ይሥራው ቢባል መንግሥት የሚል መልስ ለጊዜው ባዶ ነው። በጦርነቱ ወቅት ሰፈሩን የመገበው የጎረቤት ወጣቶች ስብስብ ነው፤ የአስቸኳይ ምላሽ ክፍሎች የሚባሉት፣ «ተካያ» በሚሉት የጋራ ወጥ ቤታቸው። በ2025 እ.ኤ.አ. የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን አግኝተዋል። ሰፈሩን በስም የሚያውቁ፣ እናቶች የሚያምኗቸው፣ ድስት ባለበት ልጆችን በየቀኑ የሚያገኙ ናቸው። ሕፃን የሚቆይበት ክፍል ከወጥ ቤቱ አጠገብ መክፈት፣ ትንፋሽ መስጠትን ማስተማር፣ ውሃ መቅጃው ቦታ ላይ ገመድና እንጨት ማቆም ከእነሱ አቅም በላይ አይደለም። የሚጎድላቸው ገንዘብ ነው፤ ያም ብዙ ገንዘብ አይደለም።

ለእኛ የሚቀረው ደግሞ ሌላ ነው። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት ሕጋችን ለቤት ሠራተኛነት የሚሄዱ ሴቶች ሠልጥነውና የብቃት ምዘና አልፈው እንዲሄዱ ያዛል። ሥልጠናው ልብስ ማጠቢያ ማሽንን፣ የኤሌክትሪክ ምድጃን፣ ሕፃን መያዝን ይነካል። ሳዑዲ፣ ኤምሬትስ፣ ኳታር የሚጠብቃቸው ግቢ ገንዳ ያለው ሊሆን እንደሚችል የታወቀ ነው፤ በሳዑዲ ቤተሰብ ለዕረፍት የሚከራየው «ኢስቲራሃ» ብዙ ጊዜ ገንዳ አለው። ሁለት ተጨማሪ ቀን ያስፈልጋል፤ አንዱ ቀን ለትንፋሽ አሰጣጥ፣ ሁለተኛው ደረት በሚደርስ ውሃ ውስጥ መንሳፈፍን ለመልመድና ገመድ ለመወርወር። ከአሠሪው ጋር በሚፈረመው ውል ላይ ደግሞ አንድ አንቀጽ፦ ገንዳው ለብቻው ካልታጠረ ሠራተኛዋ ልጆችን ብቻዋን ውሃ ዳር እንድትጠብቅ አትገደድም። ወደ ካፉሪም ስንመለስ፣ የቤት ባለቤቶቹ ቤታቸውን እየጠገኑ ሲመለሱ፣ በተሰበረው መስኮት ፋንታ አዲስ ሲያስገቡ፣ ለገንዳው አጥር የሚሆን ብረት ከዚያው ብረት ሠሪ ጋር ይገኛል።